ከሰው ቤት የወጣ ካፖርት

ይህ ነገር የገጠመኝ የመጀመሪያ ልጄ ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ዓመት፣ በጥምቀት ዕለት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ጥር ገብቶ የጉና ብርድ ሲወርድብን ሁሌም ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ቆይቶ ደግሞ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

አስቀድሜ ጠባዬን ልናገር። እኔ ዕቃ ማጠራቀም አልወድም። ቤቴ ውስጥ ዓመት ሙሉ እጅ ያልነካው ነገር ካለ ወይ ለሚፈልገው ይሰጣል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ አሮጌ ልብስ በሳፋና በባልዲ ለሚለውጡት ለልዋጭ ሴቶች ይሄዳል። ልብስ የምገዛው ከሰልባጅ ተራ ነው። አራስ ልጠይቅ ስሄድም ልጄን የጠበባትን ልብስ ቀቅዬ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በሪባን አስሬ ነው። ጎረቤቶቼ «የእሷ ስጦታ ታጥቦ ነው የሚመጣው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ልጆቻቸው ለብሰውት ያድጋሉ። ባለቤቴ ሙሉቀን ደግሞ የልዋጭ ሴቶቹን ድምፅ በሰማ ቁጥር «አደራ፣ እኔን በጆግ እንዳትለውጭኝ» ይለኛል። «ላንተ ጆግ የሚሰጠኝ መች ተገኘ!» እለዋለሁ።

የሙሉቀን አባት፣ አባባ ደምሌ፣ አብረውን ይኖሩ ነበር። ከገሳይ በላይ ባለው ገጠር ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ መሬቱን ለትልቁ ልጃቸው ትተው እኛ ዘንድ ገቡ። ከተማ ውስጥ የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማለዳ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ኪዳን ማስደረስ። የቀረው ነገራችን ሁሉ አይጥማቸውም። ዳቦው ንፋስ ነው፣ ወተቱ ውኃ ነው፣ ሰው ሰላም አይባባልም።

በዚያ ዓመት ብርድ ደረታቸውን መታቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣቸውና «ማለዳ አይውጡ። ከወጡም ደረትዎን የሚይዝ ወፍራም ልብስ ይልበሱ» አላቸው። ጋቢ ነበራቸው፤ ግን ሲራመዱ ከፊት እየተከፈተ ነፋሱ ደረታቸውን ያገኘዋል። ስለዚህ ቤት ዋሉ። ደወሉ ሲደወል ብድግ ይላሉ፣ እስከ በሩ ይሄዳሉ፣ ሳሉ ሲጀምራቸው ተመልሰው ይቀመጣሉ። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ሙሉቀን አዲስ ካፖርት ሊገዛላቸው አሰበ። ገና ሲያነሣው ተቆጡ።

«መቃብር አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው አዲስ ልብስ? ገንዘብህን ለልጅህ አድርገው። አልለብስም!»

አባባ ደምሌ አልለብስም ካሉ አይለብሱም። ያን ጊዜ ነው እኔ በራሴ መንገድ የሄድኩት። ጓዳ ገባሁና የማይሠራ ቡታጋዝ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ፣ የሙሉቀንን የጠበቡ ጫማዎች አወጣሁ። ሸጥኳቸው። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ።

እትዬ ዘይነባ የሚባሉ፣ ሸራ ላይ ልብስ ዘርግተው የሚሸጡ ደንበኛ ነበሩኝ። ካፖርት ስላቸው ከኋላቸው ካለው ማዳበሪያ ውስጥ አንድ ቡናማ የሱፍ ካፖርት አወጡ።

«ይህ ከቦንዳ የወጣ አይደለም» አሉኝ። «ከሰው ቤት የወጣ ነው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

«እንድታውቂው ብዬ ነው። ከባሕር ማዶ ታስሮ ከሚመጣው ቦንዳ የሚወጣውን ማን እንደለበሰው አላህ ነው የሚያውቅ። ይህ ግን ለባሹ እዚሁ አገር የነበረ ሰው ነው።»

እኔ ምን አዳመጥኳቸው! ብብቱን አየሁ፣ ገበሩን ገለበጥኩ፣ ብል እንዳልበላው አረጋገጥኩ። ደኅና ነው። ቁልፎቹ ትልልቅና ጥቁር ናቸው፤ ደረቱ ላይ ያለችው ብቻ ጠፍታ በምትኳ ከሸሚዝ የወጣች ነጭ ቁልፍ ተተክላለች። በእሷ አሳብቤ ዋጋ አስቀነስኩና ይዤው ገባሁ።

ፀሐይ ላይ አውዬ፣ በብሩሽ ጠርጌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተኩሼ ለአባባ ሰጠኋቸው።

«ስንት አወጣሽበት?» አሉኝ ፊታቸውን አጥቁረው።

«ምንም አላወጣሁ። ያ ቡታጋዝና ያ ዲዳ ሬዲዮ ናቸው ካፖርት የሆኑት።»

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ይችን ልጅ ጎተራ ቢያስረክቧት ታውቅበታለች» አሉ ለልጃቸው። ለበሱት። ትከሻው ለእሳቸው የተሰፋ ይመስል ልክክ አለ። በማግሥቱ ደወል ሲደወል ወጡ፣ ኪዳን አስደርሰው ሳይስሉ ተመለሱ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ጥምቀት ደረሰ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? አባባም ለጥምቀት ያልሆነ ካፖርት ምን ሊረባ ነው ብለው መሰለኝ፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ብቻ ጣል አድርገው፣ ካፖርታቸውን ለአገር እያሳዩ ወጡ። ታቦቱን አጅበን ስንመለስ እሳቸው ከወንዶቹ ጋር ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ልጄን አዝዬ ከኋላ እከተላለሁ። ሙሉቀን ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየጨፈረ የት እንደገባ አላውቅም።

በመካከላችን ጥቁር የለበሱ አንድ እናት ነበሩ። መጀመሪያ ልብ አላልኳቸውም። በኋላ ሳይ አባባ ሲራመዱ ይራመዳሉ፣ አባባ ሲቆሙ ይቆማሉ። ታቦቱን አያዩም፤ ዓይናቸው ከአባባ ጀርባ ላይ ነው። ጥቂት ሄደው እጃቸውን ዘረጉና የካፖርቱን ጫፍ ያዙ።

አባባ ዞር አሉ። እኔም ሰው እየገፋሁ ደረስኩ።

«አባቴ፣ ይህን ካፖርት ከየት አገኙት?» አሉ ሴትዮዋ።

«ምራቴ ናት የሰጠችኝ። ምነው እናቴ?»

«የባሌ ነው» አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ያልፈራሁት ነው የደረሰብኝ። እትዬ ዘይነባ «ከሰው ቤት የወጣ ነው» ያሉት ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ተሰርቆ የወጣ ቢሆንስ? ሰው ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ። አንዱ ጎረምሳ «ምንድን ነው? ሌባ ተያዘ እንዴ?» አለ። እኒያን የመሰሉ ሽማግሌ በታቦት ፊት፣ በእኔ ቁጠባ ምክንያት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባባ ቁልፎቹን መፍታት ጀመሩ።

«አባባ ደረትዎን!» አልኩ።

«ዝም በይ! የሰው ገንዘብ ለብሼ ታቦት አልሸኝም።» ካፖርቱን አውልቀው በሁለት እጃቸው ለሴትዮዋ ዘረጉ። «ይውሰዱት እመቤቴ። ሳናውቅ ነው።» ነፋሱ ሸሚዛቸውን ያርገበግበዋል።

ሴትዮዋ ደነገጡ። «ኧረ የለም! ኧረ በማርያም! አልተሰረቀም። በእጄ የሰጠሁት ነው» ብለው ካፖርቱን ከእጃቸው ወስደው መልሰው አለበሷቸው። ልጅ እንደሚያለብሱ፣ አንዱን እጅ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጎረምሳው አፍሮ ሄደ።

ከመንገዱ ወጣ ብለን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ካፖርቱን ከገበያ እንደገዛሁት ነገርኳቸው። ስማቸው እማማ ጥሩወርቅ ነው። ባላቸው በክረምት አርፈዋል። በአርባቸው ቀን እማማ ጥሩወርቅ ካፖርቱን ለነፍስ አባታቸው ሰጡ። በአገራችን እንደሚደረገው የሟችን ልብስ የሚቀበል ሰው በለበሰው ቁጥር የሟችን ስም በጸሎት ያነሣል ብለው ነው። ቄሱ ግን አንድም ቀን ለብሰውት አልታዩም።

«በሰንበት በሰንበት እያየሁ እጠብቃለሁ» አሉ። «አንድ ቀን ሌላ ጋቢ፣ አንድ ቀን ሌላ ሹራብ። ለካ ሸጠውታል። ምጽዋቴ መንገድ ላይ ቀረ። ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ባሌ ደጅ ብርድ ላይ የቆመ ይመስለኛል።»

እኔ በቄሱ ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል አባባ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ወደ ሴትዮዋ ዞረው ጠየቁ።

«ቄሱ ልጆች አሏቸው?»

«ቤት ሙሉ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«እንግዲያ መንገድ ላይ አልቀረም። ለልጆቹ እህል ሆኗል። ለእኔ ደግሞ ልብስ ሆነኝ። እመቤቴ፣ እርስዎ አንዴ ሰጠሁ ይላሉ እንጂ ሁለት ጊዜ ነው የመጸወቱት።» ከዚያ ካፖርቱን ዳበስ አደረጉ። «የጎደለ ስሙ ብቻ ነው። ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?»

«ገብረ ማርያም።»

«ገብረ ማርያም» አሉ አባባ። እንዳይጠፋቸው ደገሙት። «እኔ መሃይም ነኝ፤ የቄስ ጸሎት አላውቅም። ግን ይህን በለበስኩ ቁጥር ስማቸውን እጠራለሁ። በዚህ ታቦት ፊት ይስሙኝ።»

እማማ ጥሩወርቅ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ሳሙ። አባባን ይሳሙ ካፖርቱን አላውቅም።

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ እማማ ጥሩወርቅ ሰፈራችንን ጠያይቀው ቤታችን መጡ። ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። አንዲት ትልቅ ጥቁር ቁልፍ ወጣች። ባላቸው በሕይወት እያሉ ጠፍታባቸው ቤቱን ሁሉ ያመሱባት ቁልፍ ናት። እማማ ጥሩወርቅ ከለቅሶው በኋላ ቤቱን ሲጠርጉ ከአልጋው ሥር አገኟት። ያን ጊዜ ካፖርቱ ከቤት ወጥቶ ነበር። እሳቸው ግን አልጣሏትም።

መርፌና ክር አምጭ አሉኝ። ነጯን ቆርጠው ጥቁሯን ደረቱ ላይ ሰፉ። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው «አሁን ሞላ» አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ካፖርት የሌለው ቁልፍ ያን ቀኑን ነበር ከጥራጊው ጋር የምጥለው።

ከዚያ ወዲያ አባባ ማለዳ ሲለብሱ ከታች ወደ ላይ ይቆልፋሉ። ደረታቸው ላይ ያለችዋ ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ። «የባሪያህን የገብረ ማርያምን ነፍስ ማር» ይሉና ቆልፈው ይወጣሉ። ልጄ አፏን ስትፈታ ይህንኑ እየሰማች ነውና የካፖርቱ ስም ገብረ ማርያም መሰላት። «አባባ፣ ብርድ ነው፣ ገብረ ማርያምን ልበስ» ትላቸዋለች። እማማ ጥሩወርቅ ይህን የሰሙ ዕለት እንዴት እንደሳቁ! ለዓመት በዓል እኛ ጋ ነበር የሚውሉት፤ ዘመድ ሆኑን።

አንድ ቀን ደግሞ አባባ የእኔን ሹራብ አይተው «ይህንስ ማን ለብሶት ነበር?» አሉኝ።

«ይህ የቦንዳ ነው አባባ። ፈረንጅ ይሆናል የለበሰው።»

«ፈረንጅ ነፍስ የለውም? በይ ጸልይለት። ስሙን እንደሆን እግዜር ያውቀዋል።»

ለእትዬ ዘይነባ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሰው ነበር አላልኩሽም?» አሉኝ። አሁን ከሰው ቤት የወጣ ልብስ ካለ እሳቸውም ስም ጠይቀው ይይዙልኛል፤ እየሳቁብኝ።

አባባ ያን ካፖርት ለብሰው ብዙ ክረምት ከረሙ። በኋላ እሳቸውም አረፉ። አርባቸው ሲደርስ ልብሳቸውን ማውጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ የማታስቀምጠዋ ሴት ካፖርቱን አንሥቼ መልሼ ሰቀልኩት። አሁንም አወረድኩ፣ አሁንም ሰቀልኩ። ሙሉቀን አየኝ። ስለ ጆግ አልቀለደም። «ብርድ የሚመታው ሰው ይኖራል» ብቻ አለኝ።

ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ለአያ ይርጋ ወሰድኩለት። ማለዳ ማለዳ አባባን በሩ ላይ የሚቀበላቸው እሱ ነበር። የአባባን ልማድ ነገርኩት። ሁለት ስም ሰጠሁት፤ ገብረ ማርያምና የአባባን ክርስትና ስም፣ ወልደ ገብርኤል። አያ ይርጋ ካፖርቱን ለብሶ ቁልፎቹን ተራ በተራ ነካካ።

«ገብረ ማርያም የደረቱ ነው» አለ። «ወልደ ገብርኤልን የትኛው ላይ ላድርገው?»

«ከእሱ ቀጥሎ ባለው» አልኩት።

ዛሬም አሮጌ እሸጣለሁ፣ ሰልባጅ እገዛለሁ፣ ስጦታዬም ታጥቦ ነው የሚሄደው። አላፍርበትም። ግን ባለፈው ጥር፣ ጭጋግ ባለበት አንድ ማለዳ፣ ቡናማ ጀርባ ከፊቴ ሲሄድ አየሁ። እግሬ ዝም ብሎ ተከተለው። የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች በር አልፌ በወንዶቹ በኩል ልገባ ስል ነው የነቃሁት። እጄ የካፖርቱን ጫፍ ይዟል።

አያ ይርጋ ዞር አለ። ምን እንደያዘኝ አልጠየቀኝም።

«ጠርቻቸዋለሁ» አለኝ። «ሁለቱንም።»