ጥቅል አሳሪዋ እትዬ ድንቄ

እትዬ ድንቄ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ቦንጋ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። በማግስቱ የዕድሩ ሰው፣ የገበያው ሰው፣ ከዋጫና ከደካ በጠዋት መኪና የደረሱ ደንበኞቻቸው ሁሉ በዝናብ ሸኝተዋቸዋል። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ጥቅል በማሰር ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ተብሎ በአንድ መስመር ታለፈ። አንባቢው ላይ አልፈርድም፤ ዝናቡ ወረቀቱን እያበሰበሰበት ነበር። እኔን ግን ያ መስመር አነሰኝ። ደግሞም በሕይወት ሳሉ መናገር ሲገባኝ የዋጥሁት አንድ ነገር አለ። ስለዚህ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ።

እትዬ ድንቄ ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሲባጎ፣ ወስፌ፣ መቀስና የካርቶን ክምር ይዘው ዓመታት አሳልፈዋል። ኮረሪማ ለእህቱ የሚልክ፣ ቡና ለልጁ የሚልክ፣ የሠርግ ልብስ የሚልክ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይቆማል። ከገጠር ከመጣው ጋር በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ከቢሮ ሰው ጋር በአማርኛ ይጫወታሉ። አድራሻ መጻፍ ለማይችል ይጽፉለታል፤ ለዚያ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። አንድ ጊዜ ከቢታ ገነት የመጡ እናት የልጃቸው ስልክ ቁጥር ጠፍቶባቸው ሲያለቅሱ አግኝተዋቸው፣ ሥራቸውን ዘግተው ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ከተማውን ሲያዞሯቸው ዋሉ።

አሠራራቸው እንደማንም አልነበረም። ጥቅሉን አስረው ሲጨርሱ እስከ ጉልበታቸው ያነሡና ባለቤቱ ዓይኑ እያየ ሲሚንቶው ላይ ይለቁታል። አዲስ ደንበኛ ይጮኻል። እሳቸው ግን፣ «እኔ በፊትህ ካልጣልሁት፣ የመኪናው ረዳት ከኋላህ ይጥለዋል» ይላሉ። ከዚያ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይነቀንቁታል። ውስጡ ድምፅ ካሰማ ሲባጎው ይፈታና ሥራው እንደገና ይጀመራል።

እኔ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ጫካውን ሊያጠና መጥቶ ቦንጋ የከረመ አንድ የውጭ አገር ወዳጄ ሲመለስ አምስት ኮሚክ የሚባሉ ባለ ሥዕል የታሪክ መጻሕፍት በስጦታ ትቶልኝ ሄደ። ተራ ኮሚኮች አልነበሩም። ባለሙያዎች ምን ያህል ሳይጎዱ እንደቆዩ ገጽ በገጽ መርምረው ደረጃ ያወጡላቸው፣ ከዚያም በጠንካራ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ የታሸጉ ናቸው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ደረጃው ይሰረዛል፤ ዋጋቸውም ይወድቃል። ልጄ አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት ተቀብሏት የመመዝገቢያው ቀን ሲቃረብ፣ ለእሷ መክፈያ የሚሆን ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ልሸጣቸው ቆረጥሁ። አንድ አዲስ አበባ ያለ የኮሚክ ሰብሳቢ፣ «መጀመሪያ አንዱን ላክ፤ በደህና ከደረሰ የቀሩትን እወስዳለሁ» አለኝ። የፈተና ወቅት ስለነበር ራሴ ይዤ መሄድ አልቻልሁም።

እትዬ ድንቄ ኮሚኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ፎቶ ነው?»

«መጽሐፍ ነው እትዬ።»

«ታዲያ በየት በኩል ይገለጣል?»

«አይገለጥም። ከተገለጠ ዋጋ የለውም።»

«የማይነበብ መጽሐፍ! አስተማሪ ሆነህ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

ለእንዲህ ያለ ዕቃ ተብሎ የተሠራ ሣጥን ከአዲስ አበባ ላስመጣ አስቤ ዋጋው አስደንግጦኝ እንደነበር ስነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ሣጥን አትግዛ። ዕቃውን የሚያድነው እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ መያዙ ነው።» ፕላስቲኩ እንዳይጫር በስስ ወረቀት ጠቀለሉት፤ ለዝናቡ በፌስታል አሸጉት። ከመጽሐፉ ሰፋ ባሉ ሁለት የካርቶን ቁራጮች መካከል አስገቡት። ከፍራሽ ሠሪው የለመኑትን ቁርጥራጭ ስፖንጅ በየማዕዘኑ ወሸቁ። «ፕላስቲኩ ጠንካራ ነው ብለህ እንዳትመካ» አሉኝ፤ «የሚሰነጠቀው ጠንካራ ነገር ነው። ጥጥ ተሰንጥቆ አያውቅም።»

የቀረው የውጭው ካርቶን ነበር። የእሳቸው ሁሉ አነሰ። እኔ ከቤት ይዤ የመጣሁት ወፍራምና ልክክ የሚል ነበር። እትዬ ድንቄ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው ተዘግቷል። ስለዚህ እንደ ልማዳቸው በማሽተት ፈንታ ጠየቁኝ፤ «የምን ካርቶን ነበር?»

የማር ነበር። አንድ ዕቃ ማር ፈስሶበት ታችኛው ክፍል ጠጥቶታል፤ እኔም ጠርጌ አድርቄዋለሁ። ካፋ ውስጥ የማር ካርቶን ምን እንደሚጠራ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ነገር ግን የክፍል ሰዓቴ ደርሶ ነበር፤ ሌላ ካርቶን ፍለጋ መዞር ሞት መሰለኝ።

«የብስኩት ነው» አልኋቸው።

ጥቅሉ አዲስ አበባ ሲደርስ ማር የጠጣው ታችኛው ክፍል ለስልሶ ተቀዶ ነበር። ውስጡን ጉንዳን ወርሮታል፤ የፕላስቲኩ አንድ ማዕዘን ተሰንጥቋል። ሰብሳቢው ፎቶ ልኮ «ይቅርብኝ» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ጠዋት ወደ ፖስታ ቤቱ ሄጄ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን ከትምህርት አስቀሩብኝ! ዕቃ ማሰር የማይችሉ ከሆነ ለምን ይቀመጣሉ?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ስልኩን አውጥቼ ጉንዳኑን አሳየሁ።

እትዬ ድንቄ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ። ካርቶኑ የማር እንደነበር እንዳወቁ ፊታቸው ላይ አየሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያሉት ግን፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ያሰረው የእኔ እጅ ነው» ብቻ ነበር። አፌን ከፍቼ እውነቱን ልናገር ይገባኝ ነበር። ለብዙ ሳምንታት የከተማው ሰው «የመምህሩን መጽሐፍ ያበላሹት» እያለ ጥቅሉን ወደ ሌላ ቦታ ሲወስድም ዝም አልሁ።

በዚያው ቀን ስልኬን ተቀብለው ወደ ሰብሳቢው ደወሉ። «ልጄ፣ መምህሩን አትቀየመው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እስቲ አንድ ዕድል ስጠኝ፤ ሴት ልጅ ትምህርቷን እየጠበቀች ነው» አሉት። ሰውየው ምን እንደመለሰ አልሰማሁም፤ እሳቸው ግን ስልኩን ሲመልሱልኝ «አራቱን አምጣ» አሉኝ።

በማግስቱ አራቱን ሲያስሩ የውጭውን ካርቶን አንሥተው ወደ እኔ ዘረጉ። «እኔ ጉንፋን አለብኝ። አንተ አሽትተው።» ጉንፋኑ ለቋቸው ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረውን ደንበኛ ካርቶን ራሳቸው ሲያሸቱ አይቻለሁ። ተቀብዬ አሸተትሁ። «ደህና ነው» አልሁ። «እንግዲያው እንሰር» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አንሥተው አያውቁም። አራቱም ሳይጫሩ ደረሱ። ልጄም በመጨረሻው ቀን ተመዘገበች።

እትዬ ድንቄ፣ ልጄ ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ቀብርዎ ላይ ከጎኔ ቆማ ስታለቅስ ለምን ከሁሉ በላይ እንደተሰማት የገባው ሰው አልነበረም፤ የማር ካርቶኑን ነገር ከመንገድ ስትደርስ ነግሬያት ነበር። «ለእሳቸውስ ነግረሃቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን መጻፍ የጀመርሁት ከዚያ ጥያቄ በኋላ ነው። ወረፋው ላይ ቆማችሁ የሰማችሁ ሁሉ አሁን ይህን ስሙ፦ ካርቶኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፤ የእትዬ ድንቄ እጅ አልተሳሳተም። እትዬ፣ በሰው ፊት የወረወርሁብዎን ቃል በሰው ፊት አንሥቻለሁ። ነፍስዎን በደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እርስዎ ይቅር ካሉኝ ቆይተዋል፤ ሳልጠይቅዎ የኖርሁት እኔ ነኝ። ይኸው ዛሬ ጠየቅሁዎ።