በቀዝቃዛ ውሃ ያደረ ቡና

እናቴ ከጉሮሮዋ እብጠት ወጥቶላት ከደሴ ስንመለስ ሐኪሙ አጥብቆ ያዘዘን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ትኩስ ነገር እንዳትቀምስ። እብጠቱ ክፉ እንዳልሆነ ስለነገረን እኔ ሌላውን ሁሉ አቃለልኩት። ሾርባውንም ሻዩንም እያበረድኩ እሰጣታለሁ ብዬ አሰብኩ። ቡናን ረስቼው ነበር።

እሷ ግን አልረሳችውም። አውቶቡሱ አቀስታ ላይ ለምሳ ሲቆም አንዲት ሴት ለተሳፋሪዎች ቡና ስትቀዳ በመስኮት አየችና ፊቷን አዞረች።

"ለስንት ቀን ነው ያለው?" አለችኝ።

"ወር ተኩል ገደማ ነው፣ እማ።"

ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች። ከተማችን መካነ ሰላም እስክንደርስ ድረስ አልገለጠችውም።

እኔ የወረዳው ግብርና ባለሙያ፣ ሚስት ያላገባሁ፣ ከእናቴ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴን ከሰው ጋር ያቆያት ቡና ነው። ከአጥራችን ማዶ ካለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ጋር አንድ ቀን እኛ ቤት፣ አንድ ቀን እነሱ ቤት ያፈላሉ። የሰፈሩ ወሬ፣ የልጆች ነገር፣ የሞተና የተወለደ፣ ሁሉም የሚነገረው እዚያ ነው። ከሕክምናው በኋላ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ "እትዬ፣ ይምጡ እንጂ። ባይጠጡም ይጫወቱ" አለቻት።

"ሰው ሲጠጣ እኔ አፌን ይዤ ልቀመጥ?" አለች እናቴ በዚያ በሰለለ ድምፅዋ፣ ወደ ቤት ገባች።

የፈላውን አብርጄ ሰጥቻት ነበር። አንድ ጊዜ ፉት ብላ ሲኒውን መለሰችልኝ። "የበረደ ቡና እጣቢ ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም ቀመስኩት፣ ይጎመዝዛል። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ጀመር። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ያ መተኛቷ አስፈራኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ለሥልጠና ደሴ ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት ከገባሁበት ካፌ አንዱ ደንበኛ ጥቁር ቡና ከነበረዶው በብርጭቆ ይጠጣል። አስተናጋጇን ጠራኋትና፣ "ቡናው ከፈላ በኋላ ነው የምታቀዘቅዙት?" አልኳት።

"ኧረ አይፈላም!" አለችኝ። "ከተቆላ በኋላ እሳት አያየውም። እንደ ቅንጬ ሸካራ አርገን እንፈጨዋለን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን እናሳድረዋለን፣ ጠዋት እናጠልለዋለን። አለቀ።"

አንድ አዘዝኩ። ምሬቱ ለስላሳ ነው፤ የበረደ ቡና ያለው ጉምዛዜ የለውም። ስንት ውሃ ለስንት ቡና እንደሆነ ጠይቄያት አንድ ሲኒ ቡና ለአምስት ሲኒ ውሃ መሆኑን ነገረችኝ፤ በመዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ቤት እንደደረስኩ ቡናውን ቆልቼ ሙቀጫውን ሳወርድ እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። "ወንድ ልጅ ቡና ሲወቅጥ ሰው ቢያይህስ?" አለችኝ። በሩን ዘግቼ ወቀጥኩ። ነገር ግን እጄ የሚያውቀው በልጅነቴ ያየሁትን አወቃቀጥ ነበርና እንደ ዱቄት አደቀቅኩት። በፕላስቲክ ጆግ ዘፍዝፌ መስኮቱ ላይ አሳደርኩት፤ በእኛ ደጋ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ጠዋት በሻይ ማጥለያ ሳጠልለው ደለሉ ሁሉ አብሮ ወረደ።

እናቴ ቀምሳ ተፋችው። "ጭቃ ነው፣ ልጄ። ተወኝ በቃ።"

ያ "ተወኝ" ያለችው ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሁለተኛውን ሸካራ አድርጌ ወቀጥኩት፤ ግን ቸኮልኩ። ጠዋት ዘፍዝፌ ለምሳ ስመጣ አወጣሁት። የወጣው ገለባ የመሰለ ውሃ ነበር። ብርጭቆውን ተቀብላ አሸተተችውና፣ "ቡናውን ማን ቆላው?" አለችኝ።

"እኔ ነኛ።"

"ግማሹ አሯል፣ ግማሹ ጥሬ ነው። እስቲ ወዲያ በል።"

ከሕመሟ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ተነሥታ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። እየቆላች ስታማስለው እጇ አልደከመም። ራሷ ወቀጠችው፤ በየመሐሉ በጣቷ ቆንጥራ፣ "እንደ ቅንጬ ነው ያልከው? ይኸው" እያለች ታሳየኛለች። ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፋ ጨመረችበት፤ ጨውም ትንሽ ቆነጠረችበት። "ካፌው ጨው አያደርግበትም" ስላት፣ "ካፌው ወሎ ውስጥ አይደለም እንዴ? የወሎ ሰው ቡናን በጨው አይደል የሚጠጣው?" ብላ ገሠጸችኝ። ማታ ዘፈዘፍነው፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ አወጣነው።

ማጥለያው እንደማይበቃ ስለተማርኩ ከሳጥን ውስጥ ያረጀ ንጹሕ ነጠላ አውጥቼ ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። ቡናው በነጠላው ላይ ሲወርድ ስታይ፣ "ነጠላዬን!" አለች። ግን አላስቆመችኝም። ጠብ ጠብ እያለ ብርጭቆው ሞላ፤ ጥርት ያለ፣ በብርሃን ሲታይ ቀይ የሚል ቡና ሆነ።

ፉት አለች። አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው። ከዚያ አንድ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ በቀስታ ዋጠች። እኔ ቆሜ ፊቷን አያለሁ።

"ቡና ነው" አለች።

ብርጭቆውን ጨርሳ እንደገና ዘረጋችልኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። የእኔ ሐሳብ ቡቃያው ላይ ነበር፤ ደግነቱ ብዙ ሳይቆይ አባራ። ዘወር ስል እናቴ የለችም። ለካ ንጹሕ ሳፋ ይዛ ደጅ ወጥታ፣ ሳፋውን ግቢው መሐል አስቀምጣ ኖሯል። የሞላውን በረዶ እያነሣች በአጥሩ በኩል ጎረቤታችንን በስሟ ጠራቻት። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ግን ተሰማ። ከሕክምናው ወዲህ ከፍ አድርጋ ስትጣራ ያ የመጀመሪያው ነው።

ጎረቤታችን በባዶ ራሷ እየሮጠች መጣች። "ምን ሆኑ እትዬ? ምን አገኘዎት?"

"ምንም። ቡና ጠጪ ብዬ ነው።"

በረዶ የጨመረችበትን ብርጭቆ አስጨበጠቻት። ጎረቤታችን ግራ ተጋብታ አየችኝ፣ ቢስሚላህ ብላ ተጎነጨችና ጉንጯን ያዘች። "ያረቢ! ጥርሴን!" እናቴ ሳቀች። ስትስቅ ቁስሏ አመማትና አንገቷን ያዘች፣ እንደያዘች ደግማ ሳቀች። ጎረቤታችን ሳቋን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። "አብሽሩ እትዬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑልን" አለቻት፤ ከዚያም ብርጭቆውን ሳትለቅ፣ "ወላሂ፣ ሁለተኛው ጉንጭ ይሻላል" አለች።

በማግስቱ ተራው የጎረቤታችን ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የራሷን ቡና በጠርሙስ ይዛ ሄደች። እስከ አመሻሹ አልተመለሰችም።

ቁስሉ ጠገገ፤ ሐኪሙም ትኩስ ፈቀደላት። አሁን እንደ ድሮዋ የፈላውን ትጠጣለች። ቀዝቃዛው ለእኔ ቀረ። ወደ ዓባይ ወርጄ ቆላ ቀበሌ የምሠራ ቀን በኮዳ ሞልቼ እይዘዋለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ከገበሬዎቹ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን በኮዳው ክዳን እናዞረዋለን። መጀመሪያ ቀን አንድ ሽማግሌ፣ "ይህን ያፈላ ሰው እንጨት አጥቶ ነው?" ብለው አስቀውናል፤ ግን ክዳኑን መልሰው ዘረጉልኝ።

እናቴ ቡናውን ራሷ እየወቀጠች ትሰጠኛለች፤ "አንተ ዛሬም ታደቅቀዋለህ" ትለኛለች። ማታ ስገባ የምትጠይቀኝ ስለ ሰብሉ አይደለም። ኮዳውን ተቀብላኝ ነቅነቅ ታደርገዋለች።

"ወደዱት?"

"ጨርሰውታል።"

"ነገ ጨምሬ እወቅጥልሃለሁ" ትልና ወደ ምድጃው ትሄዳለች።