አራት ጆግ ከነምራቂው

ለእኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ሻይ እስኪበርድ እንኳ ሦስት ጊዜ እነሳለሁ። ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ስዞር ከርሜ፣ በመጨረሻ መርካቶ ራጉኤል ጀርባ ወዳለችው የእናቴ ሱቅ ስገባም ይኸው ቁንጥንጥነቴ አብሮኝ ገባ። ሱቋ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። እናቴ ከፋብሪካ የሚመጣውን ወፍራም በረኪና በውሃ እያቀጠነች ለልብስ አጣቢዎች ትሸጣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈረችው እጀታዋ በተሰበረ አንዲት የላስቲክ ጆግ ነው።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጆጓን ፈተሽኳት። አንገቷ ላይ ያለው መስመር ልክ አንድ ሊትር ሆኖ ሲገኝ ደስ አለኝ። ቀጥዬ የፋብሪካው ጀሪካን ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ አራት በመቶ ይላል። እናቴ ለአንሶላና ለነጭ ልብስ የምትሸጠው አንድ በመቶ መሆን ነበረበት። ስሌቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪንም አያስቸግርም። አራት በመቶው ወደ አንድ እንዲወርድ መጠኑ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ አራት ሊትር በረኪና ላይ አሥራ ሁለት ሊትር ውሃ ጨምረሽ አሥራ ስድስት ታደርጊዋለሽ፣ አለቀ። ይህንኑ በማርከር ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና «ከዛሬ ጀምሮ የምሰፍረው እኔ ነኝ» አልኩ። እናቴ ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ስፈሪ» አለች።

ዓይኔን ከመስመሩ እኩል አድርጌ ነበር የምሰፍረው። ጠብታ አላሳልፍም። ሰፍሬ ከጨረስኩ በኋላ ገዢው ጀሪካኑን ሳይከድን ትንሽ ይቆያል፤ የሚያደንቀኝ ይመስለኝ ነበር። ፊት ለፊታችን ሳሙና የሚሸጠው ሰውዬ አንድ ቀን «ልጅሽ ወርቅ ነው እንዴ የምትመዝነው?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። ስድብ መሆኑ እንኳ አልገባኝም፤ ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እትዬ የምላቸው ደንበኛችን መጡ። መሳለሚያ አጠገብ ላለ ፔንሲዮን አንሶላ በእጃቸው የሚያጥቡ የወሎ ሴት ናቸው፤ ከእናቴ መግዛት የጀመሩት እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። ያን ቀን ሰላምታቸው እንኳ የችኮላ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰው ልከው ከእኛ ባስወሰዱት በረኪና ያጠቧቸው አንሶላዎች ቢጫ እንደሆኑ ቀርተዋል። የፔንሲዮኑ ባለቤት ደግሞ «አንድ ጊዜ አልፌሻለሁ፤ የዛሬው እንደዚህ ከሆነ ግን ለላውንደሪ እሰጠዋለሁ» ብሏቸዋል። ሌላ ሥራ የላቸውም። ይህንን ሁሉ ሲናገሩ የሚያዩት እናቴን ነበር፣ ዓይን ዓይኗን። ለእኔ የታየኝ የራሴ ክብር ብቻ ነው። በረኪናዬ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ከሳሙናው ወይም ከውሃው መሆን አለበት ብዬ በሆዴ ተንጨረጨርኩ።

«እትዬ፣ የዛሬውን እዚሁ ፊትዎ አዘጋጅልዎታለሁ። ቢጫ ከሆነ እኔን ይውቀሱኝ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ።»

አሥር ሊትር የሚይዝ አዲስ የበረኪና ጀሪካን ከፈትኩ። በእሳቸው ባዶ ጀሪካን ውስጥ አሥራ ሁለት ጆግ ውሃ ቆጥሬ ከተትኩ። በረኪናውን ልጀምር ስል ተሸካሚው የእኛን ጭነት ይዞ ደረሰና መንገዱ ተዘጋ። ከኋላው ያለው ሚኒባስ ጡሩንባውን ያምባርቀዋል፣ ሰው ይጮኻል። «እማዬ፣ አራት ጆግ ብቻ ጨምሪበት!» ብዬ ወጣሁ። ጭነቱን አስገብቼ ስመለስ እትዬ ጀሪካናቸውን አሸክመው ሄደዋል።

አዲሱን ጀሪካን ከመንገድ ላንሳው ብዬ ብድግ ሳደርገው ቀለለኝ። ስድስት ሊትር መቅረት ነበረበት። ገልብጬ ለካሁት፤ አራት ነው።

«እማዬ፣ ስንት ነው የጨመርሽው?»

«አራት።»

«አራት ከሆነ ስድስት ይቀር ነበራ!»

«ራጉኤልን፣ አራት ነው! በየጆጉ ያው ግማሽ ግማሽ መርቄላታለሁ።»

«ሁለት ሊትር እኮ ነው የመረቅሽው!»

«ምራቂ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው የገረማት።

አይቆጠርም። መርካቶ ውስጥ እህል የሚሰፍር ሰው ጣሳውን ሞልቶ ከሸጠ በኋላ እፍኝ ይጨምራል፤ ያቺ እፍኝ ከስፍሩ ውስጥ አትገባም። እናቴም ድሮውንም አራት ለአሥራ ሁለት ነው የምትሰፍረው፤ በዚያ ላይ ለአዲስ ገዢ ጠብ ታደርጋለች፣ ለሃያ ዓመት ደንበኛዋ በየጆጉ ግማሽ። ይህንን ስታደርግ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግድግዳው ላይ ስጽፍ ግን ትዝም አላለኝ።

ስድስት ሊትር በረኪና በአሥራ ስምንት ሊትር ውስጥ። አንድ በመቶ መሆኑ ቀርቶ ከአንድ ነጥብ ሦስት አልፏል። የፔንሲዮን አንሶላ ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ነው፤ የበረታ በረኪና ይበላዋል። ቢጫው ሲገርመን ተበሳስቶ ሊወጣ ነው። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እጁ ሳፋ ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ስልክ ያነሳል?

ሮጥኩ። «ዞር በሉ! ዞር!» የሚል ፍራሽ የተሸከመ ሰው ከፊቴ ሲያልፍ ከኋላው ተለጠፍኩ፤ እሱ መንገዱን ሲከፍት እኔ ተከተልኩ። ሲታጠፍ ጥዬው ሄድኩ። የአንድ ሴትዮ የቲማቲም ሳህን ረገጥኩ፤ ስድቧ እስከ መሳለሚያ ተከተለኝ። መኪናው ቆሟል፣ ሰው ቆሟል፣ እኔ ብቻ ነኝ የምራወጠው። ነገ እኒህ ሴት ሥራ ፈትተው ሊቀመጡ ነው፣ ያውም «እኔን ይውቀሱኝ» ብዬ በተመጻደቅኩበት በረኪና። ፈራሁ። እናቴን ረገምኳት፣ ወዲያው ደግሞ አፌን ያዝኩ።

የፔንሲዮኑ ግቢ ውስጥ ስደርስ አንሶላው ሁሉ ሳፋ ውስጥ ገብቷል።

«እትዬ፣ ያውጡት! በርትቷል! እናቴ መርቃበታለች!»

ቀና ብለው አይተውኝ ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ? ስትመርቅማ ቆሜ አየኋት አይደል? ስድስት ጆግ ውሃ ጨምሬበታለሁ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የማደርገው። የእናትሽ እጅ ሰፊ ነው፤ ካላቀጠንኩት ጨርቅ ይጨርሳል።»

ይህንን እያሉ አንዱን አንሶላ ጎትተው አወጡና ጨመቁት። ነጭ ነው። ሁለተኛውም ነጭ ነው። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ስድስት ሊትር በረኪና፣ በሃያ አራት ሊትር ውስጥ፤ ልክ አንድ በመቶ። አንዷ እየመረቀች፣ ሌላዋ እያቀጠነች፣ ያለ ማርከርና ያለ ወረቀት ሃያ ዓመት እዚያው ቁጥር ላይ ሲገናኙ ኖረዋል።

ከዚያ የባለፈው ሳምንት ትዝ አለኝ። የሰፈርኩት እኔ ነበርኩ።

«እትዬ፣ ባለፈውስ… ያኔም ስድስት ጨምረውበት ነበር?»

«ጨመርኩ እንጂ፣ ስትሰፍሩ ቆሜ አላየሁ፣ ምኑን አውቄ! በኋላ አንሶላው እንቢ ሲለኝ ነው ምራቂው እንደቀረ የገባኝ።» አንሶላውን ገመዱ ላይ ሰቀሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ብበድላት ነው የተቀየመችኝ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስል ከረምኩ። ዛሬም የመጣሁት ለበረኪናው ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ፊቷን ላየው ነው።»

«እኔ ነኝ የሰፈርኩት» አልኳቸው። «እናቴ ምንም አልተቀየመችም፤ አልነገረችዎትም እንጂ እኔ ነኝ።»

አልተቆጡኝም። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራርቀው ፊታቸውን ዳበሱና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አንሶላው ነጭ ሆኖ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አላሉም ነበር።