ከመጋረጃው ጀርባ የተተወ ጨው

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን ሰው ሲያዩትና ሳያዩት የሚያደርገው ይለያይ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁና አንድ ክረምት አንኮበር ልከርም ሄድኩ።

ክፍል ያከራዩኝ አንዲት ባልቴት ናቸው። ማንም ደጃቸውን እንደማይረግጥ ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሲሞቱ ቀብር አልወጡም ተብለው ከዕድር ተሰርዘዋል። ታምሜ ነበር ቢሉም የሰማቸው የለም። ውሃ የሚቀዱት እንኳ ሌሎቹ ሴቶች ከምንጩ ሲመለሱ ጠብቀው ነው። እኔንም እሳቸው ቤት በማረፌ ሰዉ ከሩቅ እጅ እየነሳ ያልፈኛል። ጭጋጉ ገደሉን ሞልቶ ወደ ደጃችን ሲወጣ እኔ በክፍሌ፣ እሳቸው በጓዳቸው ለየብቻችን እራት እንበላለን።

ሙከራውን ያደረግሁት ለክረምት በተዘጋው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የአካባቢውን ሰው አስጠርቼ ለመጣው ሁሉ አንድ አንድ ጣሳ ጨው ሰጠሁ።

«ለራሳችሁ ነው። ለቤት አከራዬ ማካፈል የፈለገ ግን እዚህ ጆንያ ውስጥ ይጨምር» አልኳቸው።

በመጀመሪያው ቀን ጆንያውን ያስቀመጥኩት ሁሉም በሚያየው ቦታ ነበር። ማንም አልነካውም። በማግስቱ እነዚያኑ ሰዎች እንደገና ጨው ሰጥቼ አንድ በአንድ ከመጋረጃ ጀርባ አስገባኋቸው። ሲጨርሱ ጆንያው ከግማሽ በላይ ሞልቶ አገኘሁት።

ተሸክሜ ለአከራዬ ወሰድኩላቸው።

«ማነው የሰጠኝ?» አሉኝ።

«አላውቅም እማማ። ማን እንደሰጠ እንዳላይ ሆኜ ነው የሠራሁት።»

ጨዉን በእፍኛቸው ዘገኑ። «እንግዲያው ከማን ጋር ልታረቅ?» አሉ።

ጆንያውን ጓዳቸው አስገብቼ ወጣሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አከራዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው ለሚወጣው ሁሉ ጎንበስ እያሉ ሰላምታ ሰጡ። አብዛኛው ፊቱን አዞረ። አንዲት ሴት ቆም ብላ ነበር፤ ሌሎቹ ከኋላዋ ሲደርሱ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አከራዬ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም።

አዲስ አበባ ጥናቱን ሳቀርብ ባልደረቦቼ ወደዱት። ስለ ጆንያው ብዙ ጠየቁኝ፤ ስለ ሴትየዋ ግን የጠየቀኝ የለም። ጠይቀውኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በዓመቱ ተመልሼ ስሄድ ቤቱ ተዘግቷል። ደብረ ሲና ወዳሉት እህታቸው እንደሄዱ የነገረችኝ ጎረቤታቸው ናት። መንገዱን ግራና ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ናፍቀውኛል» አለችኝ።

በመጣሁበት የጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።