በወንድሜ አንገት የታሰረው ቃል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤት ብሄድ፣ የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ ቃላት በትንንሽ ወረቀት ጽፋ በሩ ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀር ለጥፋለች። አስተማሪዋ ናት አሉ ያዘዘቻት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሩ ላይ ያለውን ሳላስበው ገንጥዬ ደረቴ ውስጥ ወሸቅሁት። ልጅቷ ምን ሆንሽ ብላ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ እኮ! ግን የተለጠፈ ቃል ሳይ ዛሬም እጄ ለመደበቅ ይቀድመኛል።

በጠላት ዘመን ዲላ ነበርን። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባባ ከጣሊያን በፊት አዲስ አበባ ለአንድ ህንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ እንግሊዝኛ ለምዷል። ጣሊያን ሲገባ ያንን ሁሉ ደብቆ ዲላ መጣና ጨው ቸርቻሪ ሆነ። እንግሊዝና ጣሊያን ተጣሉ የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ነፍስ ዘራ። ነገ የሚመጡት እነሱ ናቸው፣ ቋንቋቸውን የያዘ ሥራ አያጣም እያለ እኔን ያስተምረኝ ጀመር። ይህ ደግሞ የልጅ ጨዋታ አልነበረም። ይርጋጨፌ አንድ ሰው የእንግሊዝ ጽሑፍ ተገኘበት ተብሎ በካሚዮን ተጭኖ እንደሄደ ቀርቷል። ሚስቱ በየሳምንቱ ዲላ እየመጣች አያችሁት ወይ ብላ ትጠይቅ ነበር።

አባባ ከሲጋራ ካርቶን አሥራ ሁለት ቁራጭ ቆርጦ፣ በአንዱ ፊት እንግሊዝኛውን፣ በጀርባው አማርኛውን ጽፏል። እማዬ ገበያ ስትወጣ በሩን ይዘጋና አንዳንዱን በየዕቃው ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ እየዞርኩ፣ ዕቃውን በእጄ እየነካሁ፣ ቃሉን በሹክሹክታ እላለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ሁሉ ይሰበስብና ባዶውን ዕቃ ያስነካኛል። የረሳሁትን ቃል አጣጥፎ ክንዴ ላይ፣ ከእጅጌዬ ስር በክር ያስርልኛል። እስከ ማግስቱ እሱን ስዳብስና በልቤ ስለው እውላለሁ። እውነቴን ነው፣ ኋላ በአስተማሪነቴ ስንት ዘዴ ተማርኩ፣ ያንን የሚያህል ግን አላገኘሁም። ክንዴ ላይ ታስሮ የዋለ ቃል አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም።

ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፣ ለእማዬም ጭምር። እማዬ ጨዋታ ወዳድ ናት፣ አባባ አፏን አያምነውም። ፊደል ስላልቆጠረችም ነገሩ የሚገባት አይመስለውም ነበር። የሚገርመው ግን፣ ከሰሜን የመጣች ሴት ማንም ሳያስተምራት ከቆጮ ሻጮቹ ጋር እየዋለች ጌዴኦኛውን እንደ አገሬው ታቀላጥፈው ነበር። አንድ ቀን ስታጥበኝ ክንዴ ላይ ያለውን ወረቀት አየችና ምንድነው አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ፣ ጸሎት ነው፣ አባባ ነው የጻፈልኝ የሚል ነበር። ተሳልማ መለሰችልኝ።

ዓመት ያልሞላው ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ጡት እምቢ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ጣሊያኖቹ ፈንጣጣ ሊከትቡ ነው፣ ሕፃን ያለው ሁሉ ገበያው ሜዳ ላይ ወደተተከለው ድንኳን ያምጣ ተብሎ ተለፈፈ። ቀኑ ሲደርስ ወንድሜ ተሽሎት ስለነበር እማዬ በጠዋት አዝላው ወጣች። አባባ እንደ ልማዱ በሩን ዘግቶ ወረቀቶቹን ቆጠረ። አሥራ አንድ ሆኑ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ የኔን ክንድ አየ፣ ባዶ ነው። ትናንት ልብሴን ስቀይር ፈትቼ መደቡ ላይ አስቀምጬው ነበር ልለው ስጀምር፣ ጠዋት ወንድሜ አንገት ላይ ያየሁት አዲስ ክታብ ትዝ አለኝ። እማዬ ጸሎት ነው ያልኳትን በቆዳ ሰፍታ አስራለታለች።

ክው አልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ክታብ ያሰረውን ልጅ ሁሉ ክታቡን በመቀስ እየቆረጡ እንደሚጥሉ፣ ቱርጁማኑም፣ አስተርጓሚው ማለቴ ነው፣ አንዳንዱን እየፈታ ለሐኪሙ እንደሚያነብለትና እንደሚሳሳቁ ቀደም ብሎ በሌላ ቦታ ሲከትቡ ካየች ጎረቤት ሰምተናል። አባባ ብድግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እኔ ከሄድኩ ይጠረጥራሉ» አለኝ። «አንቺ ሩጪ።»

በእንሰቱ መሃል አቋርጬ፣ በዚያ በቀይ ጭቃ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። ቃሏ ዊንዶው ነበረች፣ መስኮት። ስንት ቀን እምቢ ያለችኝ ቃል ያን ጠዋት በየእርምጃዬ አፌ ላይ ትመጣለች። እንዳታመልጠኝ በእጄ አፌን ይዤ ነው የሮጥኩት።

ስደርስ ከእማዬ ፊት ሦስት ሴቶች ቀርተዋል። ቱርጁማኑ የአንዱን ልጅ ክታብ ፈቶ ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር፣ ሐኪሙ ይስቃል። እማዬን በነጠላዋ ጎትቼ ክታቡን ስጪኝ አልኳት። ለምን? አባባ ይፈልገዋል አልኳት። ልጄን ከበሽታ የሚጠብቅልኝ እሱ ነው፣ አልሰጥም አለች። ከዚህ በላይ ምን ልበላት? ዙሪያችን ሰው ነው፣ ለጣሊያን ያደረ አንድ ባንዳ ጠመንጃውን ይዞ አጠገባችን ቆሟል። አንዷ ተከትባ ወጣች። ሁለተኛዋ ገባች። ያን ጊዜ ክሩን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ወንድሜ ጮኸ፣ አንገቱ ላይ ደም ብልጭ አለ። እማዬ በሰው ፊት በጥፊ አጮለችኝ። ባንዳው ይቺ እብድ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን እግሬ አውጪኝ ብዬ እንሰቱ ውስጥ ገባሁና ክታቡን በጥርሴ ቀድጄ ወረቀቱን ጭቃ ውስጥ አሸሁት።

ወንድሜ በተከተበ በሳምንቱ ትኩሳት ያዘው። ዛሬ የክትባቱ እንደነበር አውቃለሁ። ያኔ ግን እማዬ እኔን እያየች፣ ይሄ ልጅ ቢሞት ባንቺ ነው አለችኝ። እኔም አመንኳት። አምስት ቀን ሙሉ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እየቆጠርኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እማዬ ውሃ እንኳ ከእጄ አልቀበልም አለች። አባባ ይህን ሁሉ እያየ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወረቀቶቹን አቃጠለና ዝም አለ። እውነቱን ልናገር፣ ከጣሊያኖቹ ይልቅ ያ ዝምታው ነው የከፋኝ። በስድስተኛው ቀን ወንድሜ ጡት ፈለገ፣ እኔም እጓሮ ሄጄ ብቻዬን አለቀስኩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ አባባ ለእንግሊዞቹ ቱርጁማን ሆኖ ሲኮራ፣ አንድ ቀን ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጎመን እየቀነጠሰች ሰማችኝ። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«ለእኔ ብትነግሩኝ ኖሮ እኔው እደብቅላችሁ ነበር» አለች። ሌላ ቅጠል አንስታ ደግሞ፣ «ለምን እኔንም አላስተማራችሁኝም?» አለች።

አስተምርሻለሁ አልኳት።

ዛሬ ልጆቹ በሩን በርግደው፣ መንገደኛ እስኪሰማ እየጮኹ ቃል ያጠናሉ፣ ደስ ይለኛል። እኔም በዘመኔ ዲላም፣ ገደብ የምትባለው ከተማም አስተምሬያለሁ። ቃል ጠፋብን ሲሉኝ፣ ቤት ሄዳችሁ ለእናታችሁ አስተምሩ፣ ያኔ አይጠፋባችሁም እላቸው ነበር። ብዙዎቹ አደረጉት። እናቶቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በእንግሊዝኛ ሰላም ይሉኝና ይስቃሉ። እማዬን ግን ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ ፈተና ይለፍ፣ ልጆቼ ይደጉ ስል ሞት ወሰደብኝ። ለስንቱ ሰው ያስተማርኩትን፣ ለሷ አንዲት ቃል እንኳ አላስተማርኳትም።