አስራ ሦስት ለአስራ ሦስት

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚት ሜዳ ላይ አንዲት ልጅ በግልምጫ ገደለችኝ። ሶስና ትባላለች፤ መረብ ኳስ ከማሠለጥናቸው ልጆች ሁሉ እጇ የሚታመነው እሷ ናት። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ነጥብ ሲቀር አወጣኋት፤ ተሸነፍን። የጉልበት መከላከያዋን እየፈታች፣ "ኮች፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ጠይቄው አውቃለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦሌ በቀበሌያችን የሴቶች ቡድን ውስጥ ኳስ ለመቺዎቹ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። አሠልጣኛችን ጓድ ታደሰ ከስብሰባ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቀበሌው መደበው፣ አለቀ። ክፉ ሰው እንኳ ቢሆን ጠልቼው ባረፍኩ፤ ግን ልምምድ ስንጨርስ ከኪሱ የሽንብራ እሸት እያወጣ የሚያድለን ሰው ነበር። ከየጨዋታው በኋላ ደግሞ ሰብስቦ ግለ ሂስ ያስደርገናል፤ ኳስ የሳተችም፣ ያረፈደችም ተነስታ በጓዶቿ ፊት ጥፋቷን ትናገራለች።

ጥር ላይ ከኮተቤ ልጆች ጋር ጨዋታ ደረሰን። ለከተማው ቡድን ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች እንደሚመጡ ሰምተናል፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ ሕልም አልነበረኝም። እናቴን ሳምንት ሙሉ ለምኜ፣ የቤቱን ሥራ ለእህቴ ጥዬ ነው የወጣሁት። የገርጂን እርሻ በእግር አቋርጠን ኮተቤ ስንደርስ ቅንድባችን ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነበር።

የመጨረሻው፣ አምስተኛው ዙር አስራ ሦስት ለአስራ ሦስት ሆነ፤ አስራ አምስት ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። ከመራጮቹ አንዱ በጣቱ ወደ እኔ ሲጠቁም አየሁ። ጓድ ታደሰ ቅያሬ የጠየቀው ይሄኔ ነው። እኔን አውጥቶ፣ ያን ቀን ሜዳ ያልረገጠችውን አስናቀችን አስገባ። አስናቀች ምስኪን፣ እሷም ደነገጠች።

"ጓድ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አልኩት።

"አላጠፋሽም። ሁሉም እኩል መጫወት አለበት። ቡድኑ የግልሽ አይደለም።"

ተሸነፍን። ስለ ጨዋታ ምንም አታውቅም ብዬ ጮህኩበት። እዚያው ሜዳው ጥግ ሰብስቦን ግለ ሂስ አድርጊ አለኝ። እንባዬ አቧራውን ፊቴ ላይ እያቦካው፣ ግለኛ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። መራጮቹ የሁለት ኮተቤ ልጆችን ስም ይዘው ሄደዋል። ስንመለስ በመንገድ ጓድ ታደሰ እሸቱን ዘረጋልኝ፤ አልተቀበልኩትም። ከዓመታት በኋላ አሠልጣኝ የሆንኩት በእልህ ነው፤ እሱን ላለመምሰል።

ታዲያ ሶስናን ለምን አወጣኋት? ወላጆች ሜዳው ዳር ቆመው የኛ ልጅ መቼ ነው የምትገባው እያሉ ሲነዘንዙኝ፣ እሺ፣ ሁሉም ይጫወት ብዬ ነዋ! ወይ እኔ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሰውዬውን ስረግም ኖሬ።

እዚያው ሰሚት ሜዳ ላይ ልጆቹን ሰበሰብኩና ፊታቸው ቆምኩ። ከልቤ ግለ ሂስ ያደረግኩት በዕድሜዬ ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ነው። "ሶስና አላጠፋችም" አልኩ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወላጅ ፈርቼ ነው ያወጣኋት።"

ሶስና ቦርሳዋን አነገተች። "እሺ፣ ኮች። ጨዋታው ግን አልቋል" ብላ ሄደች።

አልተቆጣኋትም። እኔስ ያን ቀን ኮተቤ ላይ ይቅርታ መቼ ፈለግኩ? የፈለግኩት ሁለቷን ነጥብ ነበር።