ሐይቅን ስጪኝ

ልጄ ሀሚዱ ያገባት ፈዲላ መቀመጥ አታውቅም። ስድስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ስትሯሯጥ ኖራ ሐይቅ ከተማ ብትመለስም እግሯ አላረፈም። ሽንኩርት ስትልጥም፣ ቤት ስትጠርግም «እማ፣ እንቆቅልሽ» ትለኛለች። «ምን አውቅልሽ» ካልኩ አለቀልኝ። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አሻግሬው አላውቅም። «ፍየሏን ይዞ መመለስ አለበት እኮ፤ አንቺ መሄዱን ብቻ ነው የምታስቢው» ትለኛለች። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ደሴን ሰጠኋት፣ ባቲን ሰጠኋት፣ ኮምቦልቻን ሰጠኋት። «ሐይቅን ስጪኝ» ስትል ግን እምቢ። የባሌ መቃብር ያለበትን አገር ለጨዋታ አልሰጥም።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጦርነቱ ደረሰብን። ሀሚዱ ባጃጁን አስነስቶ መጀመሪያ እሷን ደሴ አደረሰና እኔን ሊወስድ ተመለሰ። መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። ደሴም ብዙ ሳትቆይ ተያዘች፤ ፈዲላ ከሰው ጋር ደብረ ብርሃን ድረስ መሸሿን የሰማነው ከመንገደኛ ነው። ስልክ የለም። ልጄ በር ላይ ቆሞ ይውላል፤ ይገባል፣ ይወጣል። እኔን ብሎ ባይመለስ አብረው ነበሩ።

ታኅሣሥ ላይ መንገድ ሲከፈት በማለዳ በጭነት መኪና ሄደ። በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የአስርን ሶላት ሰግጄ ስነሳ፣ ፈዲላ በራችን ላይ ከአይሱዙ ወረደች። መንገድ ላይ ተላልፈዋል።

«ሀሚዱስ?»

«አንቺን ፍለጋ፣ ደብረ ብርሃን።»

ፌስታሏን ሳታስቀምጥ ዞረች። ወላሂ ተናደድኩ። ክንዷን ያዝኩና «እንቆቅልሽ» አልኳት።

«እማ፣ ልቀቂኝ።»

«እንቆቅልሽ ብዬሻለሁ።»

«ምን አውቅልሽ» አለች እያለቀሰች።

«ሁለት ሰዎች ይፈላለጋሉ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። መቼ ይገናኛሉ?»

 እንዲህ ያለውን እሷ ተኝታም ትመልሰዋለች።

«አላውቅም። ደሴን ውሰጂ።»

«አልፈልግም።»

«ባቲንም ኮምቦልቻንም ውሰጂና ልቀቂኝ።»

«አንዱንም አልፈልግም። መልሱን ንገሪኝ።»

«አንዱ ሲቀመጥ» አለችና ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ሳትጠይቀኝ ሐይቅን ሰጠኋት።

ከዚያ ደፍ አልራቀችም። በአምስተኛው ቀን ሀሚዱ፣ ደብረ ብርሃን ያሉት ተፈናቃዮች «አገሯ ገብታለች» ብለው መልሰውት፣ ከስቶ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ለመሮጥ ተነሳሁ። እሷ አልተነቃነቀችም።

«ተነሺ እንጂ» አልኳት።

«ብነሳ ይጠፋብኛል» አለች።